«ሀረር» ሲፈለግ «ሐረር» ሲጠፋ፦ ፖርታልን ከሶርስ ኮዱ ስለመገንባት

ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ «ሀረር» ብለው ጻፉ። ፈልግ የሚለውን ነኩት። ስክሪኑ ምንም አልተገኘም አለ።

«እንዴ! ሳምንቱን ሙሉ ያስገባነው የት ሄደ? ግማሹ ስለ ሐረር አይደል እንዴ?»

የትም አልሄደም። ሰነዶቹን የመዘገበችው ልጅ የከተማዋን ስም በሐመሩ «ሐ» ጽፋዋለች። ጋሼ የፈለጉት በሃሌታው «ሀ» ነው። ለጆሯችን ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የ«ለ» እና የ«መ»ን ያህል የተለያዩ ናቸው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእኛን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ሃሌታው «ሀ» 4608 ነው። ሐመሩ «ሐ» 4624። ብዙኃኑ «ኀ» 4736። ኮምፒውተር የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ይቺን ችግር በኋላ ፈትተናታል። የፈታናት ፖርታሉን ከሶርስ ኮዱ ጀምረን ራሳችን ስለገነባነው፣ የትኛው ነገር የት እንደተቀመጠ ስለምናውቅ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ያልተማረ ሰውም እንዲከተለኝ አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወረቀት ሰብስበዋል። የድሮ የሰርግ ጥሪ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ተማሪዎቻቸው ስለ ጀጎል የጻፏቸው የጥናት ወረቀቶች። ሁሉም በካርቶን ሆኖ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተደርድሯል። አንድ ቀን «አቦ፣ ይሄ ሁሉ እኔ ሳልፍ የበርበሬ መጠቅለያ ሊሆን ነው?» አሉኝ። ሥራው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ፖርታል ስል ተራ ድረ ገጽ ማለቴ አይደለም። ተራ ድረ ገጽ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ታነቡታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ፖርታል መዝገብ ቤት ነው። ሰነድ ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲጠየቅ ፈልጎ ያወጣል። ማን ምን ማየት እንደሚችልም ያውቃል።

እኛ የመረጥነው ዲስፔስ የሚባለውን ነው። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የኤችፒ ኩባንያ ቤተ ሙከራ አብረው ያወጡት ነው። ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ወስዶ መጠቀምም ሆነ መለወጥ ይፈቀዳል፣ ክፍያ የለውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡትም በዚሁ ነው። ስለዚህ ጥናት የሠራችሁ ሰዎች ሳታውቁት ተጠቅማችሁበት ይሆናል።

መኪና ግርግር ላይ እንዳለ ስፌት

«ዝግጁ የለም ወይ?» አሉኝ ጋሼ መጀመሪያ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

የመለስኩላቸው በራሳቸው ሰፈር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደውን መኪና ግርግርን የማያውቅ የሐረር ሰው የለም። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ መኪናቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ስሙም ከዚያው ከመኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ዝግጁ ሸሚዝ ከገዛችሁ ዛሬውኑ ትለብሳላችሁ። ትከሻው ቢጠብ ግን ምንም ማድረግ አትችሉም። ጨርቅ ገዝታችሁ ለሰፊው ከሰጣችሁ ትለካላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ሲያልቅ ግን በልካችሁ ነው። ነገ ብትወፍሩም ስፌቱን የሚያውቀው ሰው ይለቅላችኋል።

ሶርስ ኮድ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተር እንዳለ ሊያስኬደው አይችልም። እንደ ጨርቅ መቆረጥ፣ መገጣጠምና መሰፋት አለበት። ይህ ስፌት ነው ቢልድ የሚባለው።

ዝግጁ ሸሚዝም አለ። ዶከር በሚባል መንገድ ዲስፔስን በአጭር ጊዜ አስነስቶ ማየት ይቻላል። እኔም ለጋሼ መጀመሪያ ያሳየሁት በዚያ ነው። ነገር ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህ ለመሞከሪያ እንጂ ለእውነተኛ አገልግሎት አይደለም ይላሉ። የአንድ ከተማ ትዝታ የሚቀመጥበት ቤት በመሞከሪያ አይሠራም።

ምን ምን ያስፈልጋል

በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የወጣው ሰባተኛው የዲስፔስ ትውልድ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ጓዳው ነው፤ በጃቫ የተጻፈ፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራ፣ ማንም የማያየው። ሁለተኛው ሳሎኑ ነው፤ አንጉላር በሚባል ነገር የተሠራ፣ ጎብኚው የሚያየው ገጽ። እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ይገነባሉ፣ ለየብቻ ይነሳሉ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል። ጓዳውን ጨርሶ «ገጹ የታል?» ይላል። ገጹ ገና አልተሰፋም።

ጓዳው ብቻውን አይቆምም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ መዝገቡን ይይዛል። ሶለር የተባለው የመፈለጊያ ሞተር ከመጽሐፍ ጀርባ እንዳለ ማውጫ የትኛው ቃል የት እንደሚገኝ ያውቃል። ቶምካት ደግሞ ጓዳውን ተሸክሞ የሚያስኬደው ነው። ለስፌቱ ሜቨንና አንት ያስፈልጋሉ። ለሳሎኑ ኖድና ያርን።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። አዲስ ስለሆነ ብቻ አትጫኑ። ሰባተኛው ዲስፔስ የሚፈልገው ቶምካት 9ን ነው። ቶምካት 10 ላይ ብታስቀምጡት አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቶምካት 10 ሲወጣ በጃቫ ውስጥ «ጃቫክስ» ይባሉ የነበሩ ብዙ ስሞች «ጃካርታ» ተብለው ተቀየሩ። የድሮውን ስም የሚጠራ ፕሮግራም እዚያ ሄዶ ቢጣራ አቤት የሚለው የለም። ስምንተኛው ዲስፔስ አዲሱን ስም ስለያዘ በቶምካት 10 ይሠራል። ከመጀመራችሁ በፊት የያዛችሁት ስሪት የትኛውን ጃቫ፣ የትኛውን ቶምካት፣ የትኛውን ኖድ እንደሚጠይቅ በወረቀት ጻፉት። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ሦስት ቀን ያድናል።

ኮምፒውተሩን ድሬዳዋ ወርደን «ታይዋን» ከሚባለው ገበያ ነው የገዛነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ ብዙ አወራልን፤ እኔ ግን ያየሁት ሜሞሪውን ነበር። ሳሎኑን መገንባት ሜሞሪ ይበላል። ካነሰው ግንባታው መሀል ላይ «ሜሞሪ አለቀ» ብሎ ይቆማል። ለኖድ የተፈቀደለትን የሜሞሪ መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ማሽኑ ራሱ ሊኖረው ይገባል።

ስፌቱ

ሜቨንን «ፓኬጅ» ብላችሁ ስታዙት ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ በጽሑፍ ይሞላል። «ዳውንሎዲንግ»፣ «ዳውንሎድድ»፣ እንደገና «ዳውንሎዲንግ»። አትደንግጡ። ዲስፔስ ሁሉንም ነገር ራሱ አልጻፈም። ፒዲኤፍ የሚያነብለት፣ ኢሜይል የሚልክለት፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያነጋግረው፣ ሁሉም ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ቁራጮች ናቸው። ሜቨን ዝርዝሩን ይዞ ገበያ ይወጣል። ክር ከዚህ፣ ቁልፍ ከዚያ፣ ገበር ከወዲያ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ነው መስፋት የሚጀምረው።

እኛ ያን ማታ በሞባይል ዳታ ነበር የምናወርደው። እኩለ ሌሊት አካባቢ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉም ነገር ከዜሮ ሊጀመር ነው ብዬ አሰብኩ። አልነበረም። ሜቨን ያመጣውን ሁሉ «ነጥብ ኤም ሁለት» በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ።

አንድ ነገር ግን አላለፈም ነበር። መብራቱ ሲጠፋ በመውረድ ላይ የነበረው አንድ ቁራጭ «አልተገኘም» እያለ አስቸገረን። ኢንተርኔቱ እየሠራ፣ ፋይሉም እዚያ እያለ፣ ሜቨን ልሞክር አይልም። ለካ አንዴ ያልተሳካለትን ነገር አልተሳካም ብሎ ይመዘግባል፤ ደግሞም ለመሞከር አይቸኩልም። ትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን የእንግሊዝኛ «ዩ» ስትጨምሩለት እንደገና ሄዶ ያያል። ይቺን ያወቅሁት ሊነጋ ሲል ነው። እናንተ አሁን እወቋት።

ደስ የሚለው ይሄ ነው። ያ ፎልደር አንዴ ከሞላ በኋላ ሁለተኛው ግንባታ ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል። ወደ ሌላ ኮምፒውተርም በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። እኔ ደንገጎን ወርጄ ድሬዳዋ ላለ ጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ አድርሼለታለሁ። እሱ አንድ ሜጋ ሳያወርድ የጓዳውን ግንባታ ጨርሷል። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሜቨን ሲጨርስ አንት ይቀበላል። የተሰፋውን ወስዶ በየቦታው ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ሦስት ፎልደሮችን አትደባልቁ። አንዱ ሶርስ ኮዱ ያለበት ነው፤ የልብስ ሰፊው ጠረጴዛ በሉት። ሁለተኛው አንት ያስቀመጠበት፣ ዲስፔስ የሚኖርበት ነው። ሦስተኛው ቶምካት ጓዳውን የሚያስኬድበት ነው። ስማቸውም ይዘታቸውም ስለሚመሳሰል ሰው አንዱን ቀይሮ ለውጡን በሌላው ይጠብቃል። ደንቡ ይህ ነው፦ ለውጥ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይደረግ፤ ከዚያ እንደገና ይገንባ። በቀጥታ ሁለተኛው ላይ የነካካችሁት ነገር በሚቀጥለው ግንባታ ሊተካባችሁ ይችላል።

ጀጎልና በሮቹ

«ሎካል ነጥብ ሲኤፍጂ» የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ። የቤቱ አድራሻ፣ የዳታቤዙ ስምና ፓስወርድ፣ የጓዳውና የሳሎኑ መገኛ የሚጻፈው እዚያ ነው። አጭር ፋይል ነው። ከኮዱ ሁሉ ይልቅ ግን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው።

እኛ ሁሉንም ጨርሰን ገጹን ስንከፍት መሀል ላይ የሚሽከረከር ምልክት ብቻ መጣ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። መሽከርከሩን አላቆመም። ጋሼ ቡና አስፈልተው ሁለተኛው እስኪደርስ ያው ነው። ምክንያቱ አንዲት እዝባር፣ ይቺ «/» የምትመስለው ያጋደለች መስመር፣ ነበረች። የሳሎኑን አድራሻ ስጽፍ መጨረሻው ላይ እዝባር ጨምሬያለሁ። ጓዳው የሚያስተናግደው በመዝገቡ ላይ ካለው አድራሻ የመጣን ጥያቄ ብቻ ነው። አድራሻው በአንዲት ምልክት ከተለየ «አላውቅህም» ይለዋል። ይህ ለደኅንነት የተደረገ ነው፤ ሌላ ሰው የእናንተን ገጽ መስሎ እንዳይገባ። ስለዚህ አሳሹ ላይ የምታዩት አድራሻ ፋይሉ ውስጥ ከጻፋችሁት ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። ኤችቲቲፒ ይሁን ኤችቲቲፒኤስም ጭምር።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ በር አለው። ጓዳው 8080 ላይ ይጠብቃል፣ ሳሎኑ 4000፣ ሶለር 8983፣ ዳታቤዙ 5432። ጀጎልን አስቡ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ድሮ የከተማው ሰው እነዚህን በሮች ማታ ይዘጋቸው ነበር። እናንተም ከኢንተርኔት ለሚመጣ እንግዳ አንድ በር ብቻ ክፈቱ፤ እሱም 443 ነው። እዚያ ላይ ኤንጂኔክስ ወይም አፓቺ ቆሞ እንግዳውን ወደ ውስጥ ያስተላልፍ። በተለይ የሶለር በር ለውጭ ክፍት መሆን የለበትም። እሱን ያገኘ ሰው ማውጫውን በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል።

ዳታቤዙን ስትፈጥሩ ደግሞ በዩኒኮድ እንዲሆን እዘዙ። ካልሆነ የጻፋችሁት አማርኛ ተመልሶ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በኋላ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው።

37ቱ መስመሮች

አሁን ወደ ጋሼ «ሀረር» እንመለስ። የፊደሉ ጉዳይ የከተማ ስም ብቻ አይደለም። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ። ዓለም፣ አለም። ሥራ፣ ስራ። ይበልጥ የሚያሳስበው የሰው ስም ነው። አንድ ሰው የአያቱን ስም ፈልጎ «ኃይሌ» ቢልና ወረቀቱ ላይ «ሀይሌ» ተብሎ ቢመዘገብ፣ አያቱ እዚያው ካርቶን ውስጥ ተቀምጠው ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሶለር ለዚህ መፍትሔ አለው። ጽሑፉ ወደ ማውጫ ከመግባቱ በፊት ፊደል የሚለዋውጥ ማጣሪያ ማስገባት ይቻላል። አንድ የጽሑፍ ፋይል ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ መስመር «ይህን ፊደል ስታይ ያንን አድርገው» ይባላል። ሐመሩን «ሐ» ወደ ሃሌታው «ሀ»፣ ብዙኃኑን «ኀ» ወደ «ሀ»፣ ንጉሡን «ሠ» ወደ እሳቱ «ሰ»፣ ዓይኑን «ዐ» ወደ አልፋው «አ»፣ ፀሐዩን «ፀ» ወደ ጸሎቱ «ጸ»። አምስት ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት ፊደል አለው፤ 35 መስመር። «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» የሚመልሱ ሁለት ሲጨመሩ 37።

ማጣሪያው ሁለት ቦታ መግባት አለበት። ሰነድ ሲመዘገብና ሰው ሲፈልግ። አንዱ ጋ ብቻ ከገባ ነገሩ ይብሳል። ከዚያ የሶለሩ አቀማመጥ ተመልሶ ይገለበጣል፣ ሶለር ይነሳል፣ ማውጫው ከመጀመሪያው እንደገና ይሠራል።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ ሊሆኑ ነው? አንዱ ፀሐይ ወጣች፣ አንዱ ሌባ ወሰደ ማለት ነው!» አሉኝ። ግዕዝ የተማሩ ሰው ናቸውና እውነት አላቸው። ነገር ግን የሚለወጠው ማውጫው ብቻ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነካም። «ሠረቀ» ተብሎ የገባ «ሠረቀ» ሆኖ ይታያል። ፈላጊው ብቻ በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ያገኘዋል። ይህን አሳይቻቸው ነው የተስማሙት።

ያልፈታነውም አለ። «ሐረር» ብሎ የፈለገ ሰው «የሐረር»፣ «በሐረር»፣ «ከሐረር» የሚሉትን አያገኝም። ከሶለር ጋር ለዐረብኛ የተዘጋጀ ቃል ቆራጭ፣ ማለትም የቃሉን ቅጥያ አንስቶ ዋናውን የሚያስቀር፣ አብሮ ይመጣል። ለአማርኛ የለም። ኮዱ ክፍት ነውና ይህን የሚሠራ የቋንቋና የኮምፒውተር ሰው ቢገኝ ለሁላችንም ይሆናል። እስከዚያው ከቃሉ ፊት ኮከብ ምልክት ማድረግ ይረዳል።

ሌሎች የእኛ የሆኑ ጉዳዮችም አሉ። የዲስፔስ የቀን ሳጥን የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ 1965 ዓ.ም. ካለና 1965 ብላችሁ ካስገባችሁ፣ ሰነዱ ከዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። እኛ ሁለት ሳጥን አደረግን። በአንዱ የተሰላው፣ በሌላው ወረቀቱ ላይ እንዳለ የተጻፈው። ወር የሌለው ወረቀት ላይ ግን መገመት አይቻልም፤ ከሁለቱ ዓመታት የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለቱንም እንጽፋለን።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፒዲኤፎችም ያስቸግራሉ። በዓይን ሲታዩ አማርኛ ናቸው። ውስጣቸው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ሶለር የሚያነበው ውስጡን ስለሆነ ምንም አያገኝም። ለእነዚህ ገጹን እንደ ፎቶ ወስዶ በቴሰራክት ማስነበብ ይሻላል፤ ነፃ ነው፣ አማርኛም ያውቃል። ስህተት ስለሚኖረው ሰው ማረም አለበት።

መጠባበቂያ ቅጂ ስትይዙ ሁለቱንም ያዙ፤ ዳታቤዙንም ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደርም። ያንን ፎልደር አንድ ቀን ከፍታችሁ እዩት። የጋሼ የሰርግ ጥሪዎች ስማቸው የለም። ሁሉም ረዥም ቁጥር ናቸው። የትኛው ቁጥር የማን ሰርግ እንደሆነ የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው።

አዲስ ስሪት ሲመጣ 37ቱ መስመሮች አብረው መሻገር አለባቸው። ስለዚህ ፋይሉ የሚቀመጠው ከሶርስ ኮዱ ጋር በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ፣ ውስጥ ነው። ከላይ ለምን እንደተጻፈ በአማርኛ አስፍሬበታለሁ፤ ነገ ይህን ሥራ የሚረከበው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለጋሼም በወረቀት አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። እሳቸው ቀን ጻፉበት፣ በሁለቱም አቆጣጠር። ከዚያ ስካን አድርገው እንደማንኛውም ሰነድ ፖርታሉ ውስጥ አስገቡት።